ከአሶሳ ጋምቤላ ስንት ሰዓት ነው?

የአሶሳና የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያዎች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። የአሶሳው 34.59፣ የጋምቤላው 34.56 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። ከአሶሳ የተነሣ አብራሪ ፊቱን ወደ ደቡብ አቅንቶ ግራ ቀኝ ሳይል ቢበር ጋምቤላ ላይ ይወጣል። በሰሜንና በደቡብ ያላቸው ልዩነት 1.9 ዲግሪ ያህል ነው። በእኛ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት 210 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

አሁን ሁለቱንም ከቦሌ እንለካቸው። ከአዲስ አበባ አሶሳ በአየር 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጋምቤላም እንዲሁ 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን መንገደኛው ከአሶሳ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ምዕራብ ተመልሶ ጋምቤላ ይወርዳል። በድምሩ 950 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ የቀጥታው መንገድ አራት ተኩል እጥፍ።

በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ትክክለኛ መልሶች የተገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። ካርታው 210 ይላል፣ ትኬቱ 950። በአገራችን ዳር ዳር ያሉ ከተሞች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ሕዝቡ የሚኖረው ግን በሁለተኛው ነው። ይህ ዳሰሳ ርቀቱና ጊዜው በምን እንደሚለኩ፣ ምን እንደሚያረዝማቸውና ማን ሊያሳጥራቸው እንደሚችል አሶሳንና ጋምቤላን ይዞ ይመረምራል። ጥንዱ የተመረጠው ጉዳዩን አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ሠመራንና ኮምቦልቻን፣ ጎዴንና ቀብሪ ደሐርን፣ ጂንካንና አርባ ምንጭን ይዞ ቢጠየቅም ጥያቄው ያው ነው።

በቅድሚያ ስለ ልኬቱ። የአየር ርቀት የሚሰላው በምድር ሉል ገጽ ላይ ሁለት ነጥቦችን በሚያገናኘው አጭሩ ቅስት ነው። ሁለቱ ነጥቦች እዚህ ላይ ከተሞቹ ሳይሆኑ ማረፊያዎቹ ናቸው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የጋምቤላ ማረፊያ ከከተማው በስተ ደቡብ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የአሶሳውም ከከተማው ውጭ ነው። ከከተማ ከተማ ሲለካ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ርቀት ከማረፊያ ማረፊያ ሲለካ ወደ 210 ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። በስልክ የሚሠሩ የርቀት ማስያዎች አንዳንዶቹ የከተማውን፣ አንዳንዶቹ የማረፊያውን ነጥብ ስለሚወስዱ፣ ሁለት ማስያ ሁለት ቁጥር ቢሰጥ የትኛውም አልተሳሳተም። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእሱ ሲለካ የአሶሳ ጋምቤላ መስመር 113 ማይል ያህል ይሆናል።

እነዚህ ማስያዎች ትልቁን ስሕተት የሚሠሩት በጊዜ ላይ ነው። ብዙዎቹ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት አስበው ርቀቱን ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ። ወደ አሶሳና ወደ ጋምቤላ የሚመላለሰው በብዛት ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2002 ዓ.ም መቀበል የጀመረው ይህ አውሮፕላን 70 ገደማ መንገደኛ ይይዛል፤ ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት 210 ኪሎ ሜትር 19 ደቂቃ ብቻ ይፈጅ ነበር። አውሮፕላን ግን ከመሬት ሲነሣ ያን ፍጥነት ይዞ አይነሣም። ከመቆሚያው ወደ መንደርደሪያው ያዘግማል፣ ይወጣል፣ ከፍታውን ሳያደላድል ለመውረድ ይዘጋጃል፣ ዞሮ ከመንደርደሪያው ጋር ይስተካከላል፣ አርፎም ወደ መቆሚያው ይመለሳል። በአጭር በረራ ላይ የሚበዛው ደቂቃ የሚያልፈው በዚህ ሁሉ ነው። ስለዚህ ከመቆሚያ ተነሥቶ መቆሚያ እስኪደርስ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ቢታሰብ ሚዛናዊ ግምት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሁለቱ ከተሞች የሚደረገው 475 ኪሎ ሜትርም በዚሁ ስሌት በንጹሕ በረራ 43 ደቂቃ ሆኖ ሳለ፣ በሠሌዳ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያዝለት በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

በትኬት ላይ የሚታየው ጊዜ ይኸው ከመቆሚያ መቆሚያ ያለው ነው። አገሩ ሁሉ በአንድ የሰዓት ክልል ስለሚተዳደር፣ የመድረሻውን ሰዓት ከመነሻው መቀነስ ብቻ ይበቃል። አንድ ማስታወሻ ግን ልጨምር፤ ትኬት ላይ 07:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30 ነው። ይህን ባለማስተዋል በረራ የሚያመልጣቸው፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ አረጋውያን፣ ዛሬም አሉ። የአገር ውስጥ ትኬት ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢያሳይ ብዙ ሰው ከእንግልት ይድናል።

ቀጥታ የሚባለውም መስመር ሰማይ ላይ ሁልጊዜ ቀጥ አይልም። አውሮፕላኖች በተወሰኑ የአየር መንገዶችና የመፈተሻ ነጥቦች ይመራሉ፤ የተከለሉ ቀጣናዎችም አሉ። በመስከረም 2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ላይ ማንኛውም በረራ እንዳያልፍ መከልከሉን አስታውቆ ነበር። ግድቡ ያለው ከአሶሳ በስተ ሰሜን በጉባ ስለሆነ የአሶሳ ጋምቤላን መስመር አይነካም፤ ከሰሜን ተነሥቶ በዚያ አቅጣጫ ወደ አሶሳ የሚመጣን አውሮፕላን ግን መንገዱን ያስረዝምበታል። ከአሶሳ ጋምቤላ ያለው መስመር የሚያልፈው በቤጊና በጊዳሚ አካባቢ፣ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ደጋ ላይ ነው። በስተ ምሥራቁ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የቱሉ ወለል ተራራ አለ። ስለዚህ አጭር በረራ ነው ተብሎ ዝቅ ብሎ መሄድ አይቻልም፤ አውሮፕላኑ ከተራራው በላይ አስተማማኝ ከፍታ ይዞ ከዚያ ወደ ባሮ ሜዳ መውረድ አለበት። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አሶሳ ግን 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች።

ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። ጋምቤላ በበጋው ማብቂያ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚዘልባቸው ቀናት አሉት። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ በሳሳ አየር ላይ ክንፉም ሞተሩም ፕሮፔለሩም ኃይላቸው ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ወይ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ወይ ጭነት ይቀንሳል። ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የዚህ ችግር ሌላ ገጽታ አለበት። ትንሹ ማረፊያ ላይ ነዳጅ የማይቀዳ ከሆነ ደግሞ አውሮፕላኑ የመመለሻውን ነዳጅ ከአዲስ አበባ ይዞ ይወጣል፤ እሱም ክብደት ነው። መንገደኛው አንድ ሻንጣው በሚቀጥለው በረራ እንደሚመጣለት ሲነገረው የሚበሳጨው ምክንያቱ ስላልተገለጸለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ደቂቃዎችን የሚጨምሩ ናቸው። ሰዓታትንና ቀናትን የሚበላው ግን የበረራው አደረጃጀት ነው። የአገር ውስጥ በረራችን ማእከሉ ቦሌ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ከዚያ የሚወጡና ወደዚያ የሚመለሱ ናቸው። ከአሶሳ በቦሌ በኩል ጋምቤላ የሚሄድ ሰው ሁለት በረራዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ከአሥር ቢፈጁ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይሆናል። በመካከሉ ሦስት ሰዓት ቢጠብቅ አምስት ሰዓት ከሃያ ሞላ። ከበረራው በፊት ቀድሞ መገኘቱን፣ ወደ ማረፊያውና ከማረፊያው ያለውን የመኪና መንገድ ሲደምርበት የቀኑ ብርሃን አለቀ። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። አሶሳና ጋምቤላ፣ በአንድ ጀምበር ሊመላለሱባቸው የሚገቡ ጎረቤቶች፣ በጊዜ ሲለኩ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ርቀው ተገኙ።

ይህም ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቀን ከተገጣጠሙ ነው። በርካታ የክልል ማረፊያዎች የሌሊት መብራት ስለሌላቸው በረራዎቹ በቀን ብርሃን መጠቃለል አለባቸው። የአንዱ ከተማ አውሮፕላን ቦሌ ሲደርስ የሌላው ከተማ አውሮፕላን ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ መንገደኛው አዲስ አበባ ያድራል። የአልጋ፣ የምግብና የታክሲ ወጪው በትኬቱ ዋጋ ላይ ተጽፎ አይታይም። በሕክምና ለሚንገላታ ሰው ይህ አንድ ሌሊት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በመኪና ይሂድ የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። የአሶሳው የመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የጋምቤላው ከ750 በላይ ነው። ሁለቱን በቀጥታ ለማገናኘት በወለጋ ደጋ በኩል መሻገር ይቻላል፤ ወንዙና ገደሉ ብዙ ነው፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይከፋል። ከዚህም በላይ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በካማሺና በምዕራብ ወለጋ አካባቢ በተነሣው ግጭት መንገዶቹ በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ ሰውም ሕይወቱን አጥቶባቸዋል። በዚያ ጊዜ አውሮፕላን መሳፈር ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ብቸኛው የመውጫ በር ነበር። ትኬት መግዛት ያልቻለው ሰው ደግሞ እዚያው ቀረ። በትግራይም እንዲሁ በጦርነቱ ጊዜ የመቀሌ መደበኛ በረራ ተቋርጦ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ሲቀጥል፣ ቤተሰቦች ከሁለት ዓመት በኋላ መገናኘት የቻሉት በአንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ በረራ ነበር። ኪሎ ሜትሩ በእነዚያ ሁለት ዓመታት አልተለወጠም።

ማን ነው ከአሶሳ ጋምቤላ የሚሄደው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ማንም የማይሄድበት መስመር ላይ አውሮፕላን አይመደብም። ሁለቱም የክልል ርእሰ ከተሞች ናቸው፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ አላቸው፣ ሁለቱም ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ በርካታ ሰዎችን አስጠልለዋል። በስደተኞች ጉዳይ፣ በጤና፣ በትምህርትና በእርዳታ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች በሁለቱ መካከል ሥራ አላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኮሞ ሕዝብ አለ። ኮሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝም በጋምቤላም ከነባር ብሔረሰቦች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ዘመድ ከዘመድ የሚለየው በክልል ወሰን ብቻ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ቦሌ በመንገዳቸው ላይ ያለ ከተማ አይደለም።

ታሪኩን ወደ ኋላ ስናይ ርቀት የሚፈጠረው በመገናኛው አደረጃጀት መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1894 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጋምቤላ የወንዝ ወደብ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት መጥቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመላለሱ ነበር፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚያ ወጣ። በዚያ ዘመን ከጋምቤላ ነጋዴ አንጻር የቀረበችው ካርቱም ነበረች፤ አዲስ አበባ በበቅሎ የሚደረስባት ሩቅ ከተማ ነበረች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ዲሲ 3 የተባሉት አውሮፕላኖች ወደ አገር ውስጥ ከተሞች መብረር ጀመሩ። ዲሲ 3 በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም የማያልፍ ዘገምተኛ አውሮፕላን ነው፤ በሣር ሜዳና በአፈር ላይ ግን ያርፋል። በዚያ ዘመን በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ ያሉ ትንንሽ ከተሞች በአየር ይደረስባቸው እንደነበር የሚመሰክር ዛሬም ያልጠፋ ማስረጃ አለ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ለየማረፊያው በሚሰጠው ባለ ሦስት ፊደል መለያ ዝርዝር ውስጥ ቤጊ አካባቢ ያለው ቤይካ ቢ-ኢ-አይ፣ መንዲ ኤን-ዲ-ኤም፣ ነጆ ኤን-ኢ-ጄ ተብለው ተመዝግበዋል። የጂንካ መለያ ቢ-ሲ-ኦ የሆነው ከቀድሞው ባኮ ጣቢያ የተወረሰ በመሆኑ ነው። ቤጊ፣ መንዲና ነጆ ዛሬ መደበኛ የመንገደኛ በረራ አይታይባቸውም፤ መለያቸው ግን አለ።

በረራው የተቋረጠባቸው በአንድ ምክንያት አይደለም። መንገድ ተሠራ፣ አውቶቡስ ገባ። አውሮፕላኑም አደገ። ከዲሲ 3 በኋላ ትዊን ኦተርን የመሰሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች አፈር ላይ እያረፉ አገልግለዋል፤ ቀጥሎ ፎከር 50፣ ከዚያ ኪው 400 መጡ። አዲሶቹ ፈጣንና ምቹ ናቸው፤ ደኅንነታቸውም የላቀ ነው። ነገር ግን የተነጠፈ ረጅም መንደርደሪያና ብዙ መንገደኛ ይፈልጋሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚደረስባቸው ከተሞች ቁጥር በዚያው ልክ አልጨመረም፤ በአንዳንዱ አካባቢ ቀነሰ። ላለፉት ዓመታት በደምቢዶሎ፣ በሠመራ፣ በጂንካ፣ በቅርቡም በነቀምት አዳዲስ ማረፊያዎች መከፈታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሁሉም ግን የተገናኙት ከቦሌ ጋር ነው። ደምቢዶሎ ከጋምቤላ በአየር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው።

በሌላ አገር እንዴት አድርገውታል? በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ በኦርክኒ ደሴቶች ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው መደበኛ በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። ሎጋንኤር ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምንት መንገደኛ በሚይዝ አይለንደር አውሮፕላን ያካሂደዋል፤ ሠሌዳው ሁለት ደቂቃ ይላል፣ ነፋሱ ሲመች ከአንድ ደቂቃ በታች ተጠናቋል። መምህራንና ሐኪሞች ወደ ሥራ የሚሄዱት በእሱ ነው፤ ወጪውን የደሴቶቹ ምክር ቤት ይደግፋል። በአላስካ ደግሞ ከሲያትል የሚነሣ የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ኬቺካን፣ ራንግል፣ ፒተርስበርግ እያለ ጁኖ ይደርሳል። ከራንግል ፒተርስበርግ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በመካከላቸው መንገድ ስለሌለ ጄቱ ተነሥቶ ወዲያው ያርፋል። ለእኛ ጥንድ ከሁሉ የሚቀርበው ትምህርት ይህ የአላስካው ነው። ሁለት ትንንሽ ከተሞች ለየብቻቸው አውሮፕላን መሙላት ሲያቅታቸው በአንድ ዙር ተያይዘው ይሞሉታል፤ እግረ መንገዱንም እርስ በርስ ይገናኛሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. የአየር ትራንስፖርት ገበያውን ነፃ ስታደርግ ትንንሽ ከተሞች እንዳይረሱ መንግሥት ለአየር መንገዶች ድጎማ የሚከፍልበትን ሥርዓት አብሮ ደነገገ። ሕንድ በ2016 እ.ኤ.አ. ኡዳን የተባለውን ዕቅድ አውጥታ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ በረራ ላይ የተወሰኑ መቀመጫዎች ከ2,500 ሩፒ በላይ እንዳይሸጡ ወሰነች፤ ጉድለቱን መንግሥት ይሸፍናል። የሁለቱም ሥርዓት ተቺዎች አሉት። በሕንድ ድጎማው ሲያልቅ የተቋረጡ መስመሮች ጥቂት አይደሉም። እኔ ድጎማውን ለአሶሳና ለጋምቤላ የመጀመሪያ መፍትሔ አድርጌ አላቀርብም፤ ከዚያ በፊት በእጃችን ያለውን አውሮፕላን በሌላ ዙር ማብረር ስለሚቻል።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ አሶሳ ደርሶ ሲመለስ፣ ሌላው ጋምቤላ ደርሶ ሲመለስ በድምሩ 1,900 ኪሎ ሜትር ይበራል። አንዱ አውሮፕላን አዲስ አበባ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ አዲስ አበባ ብሎ በሦስት ማእዘን ቢዞር 1,160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 740 ኪሎ ሜትር ተቀነሰ፤ የመነሣትና የማረፍ ቁጥሩም ከአራት ወደ ሦስት ወረደ፣ ይህም ለሞተርና ለማረፊያ ጎማ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። ከአሶሳ ጋምቤላ የሚሄደው ሰው ደግሞ በ40 ደቂቃ ይደርሳል።

የሚከፍለው ግን አለ። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ የሚሄደው መንገደኛ በአሶሳ በኩል ስለሚዞር ጉዞው ከ475 ወደ 685 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ አሶሳ ላይ ከሚቆምበት ጊዜ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ይጨምርበታል። መቀመጫውም ለሁለት ከተማ ይከፈላል፤ 70 ሰው የሚሞላ በረራ በየቀኑ ላለበት ከተማ ይህ ጉዳት ነው። አየር መንገዶች እንዲህ ያለውን ዙር የሚተዉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዛኛው መንገደኛ መድረሻው አዲስ አበባ ወይም ከዚያ ማዶ ነው። ከዋሽንግተን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሮ መጥቶ አሶሳ ወላጆቹን ሊጠይቅ ለሚሄድ ሰው ቦሌ ላይ የተሰበሰበው አሠራር በእርግጥ ይመቸዋል። የአገር ውስጥ በረራው የተቃኘውም ለእሱና ለአዲስ አበባ ጉዳይ ላለው ሰው ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

እኔ የምለው በየቀኑ ይሁን አይደለም። መንገደኛ በሚቀንስባቸው ሁለት የሳምንቱ ቀናት ዙሩ ይደረግ፤ አንዱን ቀን በአሶሳ ጀምሮ በጋምቤላ፣ ሌላውን ቀን በጋምቤላ ጀምሮ በአሶሳ። እንዲህ ሲሆን ጫናው በአንድ ከተማ ላይ አይወድቅም፤ ከአሶሳ ሰኞ ጋምቤላ የሄደ ሐኪም ወይም መምህር ሐሙስ በቀጥታ ይመለሳል። ቀኖቹ ግን በየወሩ መለዋወጥ የለባቸውም። ዛሬ ኖሮ ነገ የሚጠፋ መስመር መንገደኛ አያፈራም፤ መንገደኛ አላፈራም ተብሎ ደግሞ ይዘጋል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይቋረጥ መሞከር ይኖርበታል፤ ክረምትን፣ የትምህርት መክፈቻንና በዓላትን አይቶ እስኪወጣ።

ሌላው አማራጭ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ሴስና ካራቫን ከ9 እስከ 12 መንገደኛ ይይዛል፤ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከኪው 400 ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ያነሰ ቢሆንም ከአሶሳ ጋምቤላ በቀጥታ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ያደርሳል። ዘገምተኛው ትንሽ አውሮፕላን ፈጣኑን በሰዓታት የሚቀድምበት መስመር ይህ ነው፤ አፈር መንደርደሪያ ላይም ስለሚያርፍ ቤጊንና ደምቢዶሎን በመንገዱ ሊነካ ይችላል። በአገራችን የኢንቨስትመንት ሕግ የግል የአየር ትራንስፖርት ድርጅቶች ለዓመታት እስከ 50 መቀመጫ ባለው አውሮፕላን እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸው ቆይተዋል፤ ሆኖም አብዛኞቹ በኪራይ በረራ ላይ ናቸው፤ መደበኛ ሠሌዳ ይዞ ዳር አገርን ከዳር አገር ማገናኘት ገና አልተለመደም። ክልሎቹ ለሠራተኞቻቸው የውሎ አበልና ለቦሌ ትራንዚት የሚያወጡትን ገንዘብ ቆጥረው በየሳምንቱ ጥቂት መቀመጫ አስቀድመው ቢገዙ፣ እንዲህ ያለው መስመር የሚቆምበት መሠረት ያገኛል። በዚህ ጊዜ ድጎማ ቢጠየቅም የሚያሳፍር አይመስለኝም፤ መንገድ በመንግሥት ገንዘብ ይሠራ የለም ወይ?

በእኛ አገር ነገሩን የሚያቀልል አንድ ሁኔታ አለ። በሌሎች አገሮች አየር መንገዱና ማረፊያው በማረፊያ ክፍያ ይከራከራሉ፤ ትንሽ መስመር የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ግን የኤርፖርቶች ድርጅት ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ተዋህዷል። አውሮፕላኑም መንደርደሪያውም በአንድ ቤት ነው። ለሙከራው የሚያስፈልገው ውሳኔ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ለዚያ ውሳኔ ግን ትክክለኛው መለኪያ መቅረብ አለበት። ማረፊያ ሲመረቅ የመንደርደሪያው ርዝመትና የሕንፃው ስፋት ይነገራል፤ ከዚያ ከተማ ወደ ጎረቤት ከተማ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ግን አይነገርም። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑና አየር መንገዱ በየዓመቱ የክልል ከተሞችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ቦሌ ላይ የሚጠበቀውንና የሚታደረውን ጨምረው፣ ሙሉውን የጉዞ ጊዜ ለሕዝብ ያሳውቁ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝና የጋምቤላ ክልል ምክር ቤቶችም ይህን ቁጥር ይጠይቁ፤ ሁለቱ በአንድነት ቢጠይቁ ድምፃቸው ይሰማል። 210 ኪሎ ሜትር ለመሻገር 40 ደቂቃ ይበቃል፤ አውሮፕላኑም ማረፊያውም አብራሪውም አሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ይጀመር።